በአንድ ፂም ሦስት ሰፈር

ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሰፈሩ ፀጉር ቤት ገብቶ ይቀመጥ። ይህን የምለው ፀጉር አስተካካይ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ደላላ ስለ ጣሪያውና ስለ መስኮቱ ነው የሚነግርህ። ጎረቤት ደግሞ ገና ሳይለምድህ እውነቱን አያወጣም። ፀጉር ቤት ውስጥ አንገትህ ላይ ጨርቅ አስረው ሲያስቀምጡህ ግን መንደሩ ሁሉ በጆሮህ በኩል ያልፋል። ውሃ መቼ መቼ ይጠፋል፣ የትኛው ጥግ ላይ ኪስ ይታጠባል፣ ማን ከማን ጋር በአጥር ተካሷል፣ ሁሉንም ሳትጠይቅ ትሰማለህ። ሚስቴ ይህን ስነግራት "አንተ እኮ ሰማይ ቤት ስትደርስም መጀመሪያ የምትጠይቀው 'ፀጉር ቤቱ በየት በኩል ነው?' ብለህ ነው" ትለኛለች። ትሳቅ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ሚስቴን የምናውቃቸው ሁሉ "ፕሮፌሰር" ይሏታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ለማሾፍ። እናቷ ስትሞት ታናናሾቿን ለማሳደግ ብላ ከትምህርቷ የቀረች ሴት ናት። ከዚያ እኔን አገባች፤ እሱም ያው ልጅ ማሳደግ ነው። ከዚያ ሴት ልጃችንን ስታስጠና፣ ስታስጠና ልጅቷ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ አግብታ ወጣች። እናትየው ግን ከሒሳቡ መውጣት አቃታት! ጠዋት ጠዋት ሕፃናት መዋያ ውስጥ ምግብ ታበስላለች። ቤት ስትገባ ድስቱን በአንድ እጇ እያማሰለች በሌላው ወረቀት ላይ ትጭራለች። ያረረብንን ምግብ ቤት ይቁጠረው።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ሱቄ በር ላይ ቆማ "የመግቢያ ፈተናውን አለፍኩ" አለችኝ።

"የምን ፈተና?" ብዬ ጮህኩ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ደንግጦ ጆሮውን በእጁ ሸፈነ።

ለካስ ተደብቃ ተፈትናለች። ዩኒቨርሲቲ፣ ያውም ሒሳብ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ! ደስታዬን በምን ቃል ልንገራችሁ። የዚያን ዕለት ሱቄ የገባውን ሁሉ በነፃ አስተካክዬ ሰደድኩ።

ችግሩ ዩኒቨርሲቲው ከከተማው ማዶ መሆኑ ነበር። ከሥራ ወጥታ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው የምትደርሰው። መሄዱስ ይሁን። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከማለቁ በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮፌሰር በየቀኑ መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ሳለ ጎንበስ ብላ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ በሰው ጉልበት መሐል እየተሽሎከሎከች ትወጣ ነበር።

"ታዲያ ከጓደኞችሽ ደብተር ገልብጪው" ስላት "እገለብጣለሁ። ግን ሰርጉ ቀርቶብህ ፎቶውን እንደማየት ነው" አለችኝ። "ሒሳብ ማለት መምህሩ ከሩቅ ተነስቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ ነገሩን ሁሉ አንድ ቦታ የሚያገናኘው ነው። እኔ አንድም ቀን ሲገናኝ አላየሁም።"

ከዚያ አንድ ፈተና ወደቀች። የመጣባት ጥያቄ ሁሉ ከዚያች ከማትሰማት መጨረሻ የወጣ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብታ ቦርሳዋን ጥግ አስቀመጠችና ቢላዋ አንስታ መክተፍ ጀመረች። "ይብቃኝ" አለች። "ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ይህን ዓመት ጨርሼ አቆማለሁ።" ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። የምትከትፈው ሽንኩርት ነው እንዳልል ድንች ነበር።

እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ነኝ። "ምን ማለትሽ ነው!" ብዬ ተነሳሁ። "ቤት እንገዛለን! እዚያው ዩኒቨርሲቲው አጠገብ!"

"በምን?"

"ባለን!"

ያለን ለክፉ ቀን ያስቀመጥናትና የምንኖርባት ቤት በሯ ላይ ካለችው ሱቄ ጋር ስትሸጥ የምታመጣው ነው። ተደምሮ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ በርና ጉበን ቢገዛ ነው።

"ሱቅህስ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ፀጉር የማያበቅል ሰፈር አለ እንዴ? ቤታችን አጠገብ ሌላ እከፍታለሁ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስማኝ" አለች። "አንተ የማትሠራበት ሰፈር እግሬ አይገባም። ያንተን እንጀራ ዘግቼ የምማረው ትምህርት በአፍንጫዬ ይውጣ።" ሴትዮዋ እንዲህ ካለች አለች ነው። "እሺ" አልኩ፤ ነገሩ የተቆረጠው እንዲህ ነው።

ለዚሁ ሥራ ብዬ ፂሜን አሳደግኩ። በባዶ አገጭ ሰው ፀጉር ቤት ገብቶ ምን ይላል? ደንበኞቼ "ምነው፣ ሐዘን ነው?" እያሉ አስጨነቁኝ። የለም፣ ቤት ፍለጋ ነው አልኳቸው። እብድ መስያቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ሱቅ የምዘጋበት የእረፍት ቀን ሲደርስ በማለዳ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት ነው። እውነት ለመናገር ሰፈሩ ያምራል። ፎቅ በፎቅ፣ መንገዱ የተጠረገ፣ በየደረጃው አበባ የተደረደረበት። ፀጉር ቤቱ ገብቼ ፂሜን እንዲያሳጥርልኝ ተቀመጥኩ። አስተካካዩ ለጋ ወጣት ነው፣ እጁ ግን ጎበዝ። በወሬ መሐል "አንተስ እዚሁ ነው የምትኖረው?" አልኩት።

ሳቀብኝ። "ጋሼ ደግሞ! እዚህ መኖር ለማን ተሰጥቶ? እኔ የምኖረው ገደል ማዶ ነው።"

በቃኝ። ፀጉር የሚያስተካክለው ሰው የማይኖርበት ሰፈር ለኔ ቢጤ አይሆንም። እንደው ለነገሩ ብዬ ደላላውን ዋጋ ብጠይቀው በደረቁ ላጨኝ። ለሁለት ክፍል ቤት የጠራልኝ ገንዘብ ሰፈሩን በሙሉ ከነሰዎቹ የሚገዛ ይመስል ነበር።

ከዚያ ገደል ማዶ ተሻገርኩ። ስሙ አያስፈራችሁ። ግቢው ሰፊ፣ ፀሐዩ የሚሞቅ፣ ዋጋውም እኛው የምንችለው። አንዲት ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ እናት "ፀጉር ቤቱ የት ነው?" ብዬ ብጠይቃቸው "ምን ፀጉር ቤት አለ ልጄ! ወንዶቻችን ዋናው በር ድረስ ነው የሚሄዱት። የኔን ባልማ ተወው፣ ዝንጀሮ መስሏል" አሉኝ።

ልቤ ዘለለች! ያንን ሁሉ ራስ የሚነካ አንድ መቀስ የለም! ቆሜ በሐሳቤ መስታወት ሰቀልኩ፣ ወንበር ደረደርኩ፣ በሩን ቀለም ቀባሁ። ከሰው ሁሉ ጋር ሰላምታ ተለዋወጥኩ። ሀብታም ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ መንገዱን በእግሬ ልየው ብዬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለስኩ። ገደሉ ላይ አንዲት ጠባብ የእግረኛ ድልድይ አለች፤ መብራት የላትም። ድልድዩ ጫፍ ላይ ሴቶች በርከት ብለው ቆመዋል። "ምን እየጠበቃችሁ ነው?" አልኳቸው። "እስክንበዛ ነው" አለችኝ አንዷ። "ወደ ማታ ብቻውን የሚሻገር የለም። ከሄዱት ጋር ካልሄድክ ቀረህ።"

አልሸሹም ዞር አሉ! አውቶቡሱ ተሻሻለና ድልድይ ሆነ እንጂ ፕሮፌሰር ያው ከክፍል ተሽሎክሉካ መውጣቷ ነው። ያንን ቀለም የቀባሁትን በር በሐሳቤ መልሼ ዘጋሁት። መዝጋቱ አመመኝ፣ አልዋሽም።

ሦስተኛው ማተሚያ ቤት ሰፈር ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ወረድ ብሎ። ድሮ ለሠራተኞች የተሠሩ፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ትንንሽ ቤቶች። ማተሚያው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፣ ግድግዳው የጎረቤትን ሳል ያስተላልፋል፤ ዋጋው የረከሰውም ለዚያ ነው። ለኛ ይበቃል። መንገዱ ግን! ሜዳ ነው። ግራ ቀኙ ዳቦ ቤት፣ ወረቀት መሸጫ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፤ ተማሪ ስለሚበዛ ሁሉም አምሽተው ይሠራሉ፣ ብርሃናቸው መንገድ ላይ ይፈስሳል።

እና ፀጉር ቤት። አንዱን አለፍኩ፣ ሌላ አለ። እሱን አለፍኩ፣ ከጎኑ ሌላ። አንዱ ገና አዲስ ቀለሙ ያልደረቀ። ወይ ጉዴ! በዚያ መንገድ ላይ ከራስ ይልቅ መቀስ ይበዛ ነበር። ምን ላድርግ፣ በየተራ ገባሁ። የመጀመሪያው የቀረችውን ፂሜን ላጨ። ሁለተኛው ፀጉሬን ከጎን አነሳ። ሦስተኛው ከላይ ቀነሰ። ሁሉም ያሉኝ አንድ ነው፤ ሰፈሩ ሰላም ነው፣ ሥራው ግን ሞቷል፣ እርስ በርስ ተበላላን አሉኝ።

መጨረሻ ላይ ያለው ሱቅ የአንድ ሽማግሌ ነው። አባ ዝምታ ይሏቸዋል። ደንበኞቻቸው መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ተራ እስኪደርሳቸው ቁጭ ብለው ያነባሉ፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ አንድ ሁለት ቃል ብጀምር ሽማግሌው "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብለው ጨርቁን አሰሩብኝ። የቀረኝን ላጩት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ምላጩ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ሳላውቀው እጃቸውን ይዤ አቃናሁት። አንዴም አይደለም።

ወሬ ስለሌለ መስታወቱን አየሁ። መስታወቱ ውስጥ ከኋላዬ ያለው መንገድ ይታያል። ቀኑ ሊመሽ ነው። አንዲት ሴት መጽሐፍ ታቅፋ ብቻዋን አለፈች፣ አልቸኮለችም። ሌላዋ ቆማ ጫማዋን አሠረች፣ ዞር ብላም አላየች። ሁለት ልጃገረዶች ዳቦ እየበሉ ስለ አንድ ነገር ሲከራከሩ ቆመው ቀሩ። ስንት ዓመት ሰፈርን በጆሮዬ ሳውቅ ኖሬ ይህን ሰፈር ያወቅኩት በዓይኔ ነው። ሚስቴን እዚያ መስታወት ውስጥ ስታልፍ አየኋት። አለቀ፣ ቤታችን እዚህ ነው አልኩ። እኔ የት እንደምሠራ ግን የማውቀው አልነበረኝም።

ቤት ስደርስ በሩን ከፍታ አየችኝና ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። "ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ አሉ! ምን አገኘህ?"

"ማተሚያ ቤት ሰፈር" አልኳት። "ለኔ ደግሞ ወርቅ ነው። አንድ ፀጉር ቤት የለውም።"

"ታዲያ ማን ላጨህ?"

ፕሮፌሰር ናት ብያችኋለሁ። "መንገድ ላይ… ሌላ ሰፈር…" ብዬ ተንተባተብኩ። የተላጨ ራሴን አየት አደረገች፣ ግን አልገፋችበትም።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ይዣት ሄድኩ። ቤቱን አየች። ትንሿን ክፍል ከመስኮቱ ጋር ስታይ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ ጠረጴዛዋን የት እንደምታደርግ በልቧ እየለካች መሆኑ ገባኝ። ከዚያ እስከ ዩኒቨርሲቲው የኋላ በር በእግሯ ሄዳ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። "እኔ እኮ መጨረሻው ድረስ ቁጭ ብዬ፣ ተረጋግቼ በእግሬ እመጣለሁ!" አለችኝ። እንዲህ ሆና ካየኋት ቆይቻለሁ፤ ደስ አለኝ።

ምን ዋጋ አለው! ከቤቱ ወጥተን መንገዱን ስንይዝ የመጀመሪያው አስተካካይ ከበሩ ላይ "ጋሼ! እንዴት ነው፣ በቀለ?" ብሎ ጭንቅላቱን እያሻሸ ጮኸ። ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው "ቤቱን ገዙት ወይ?" አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ሳላውቅ መንገዱ ሁሉ የኔን የተላጨ ራስ ሲያወራ ከርሟል።

ፕሮፌሰር ቆመች። መንገዱን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ፀጉር ቤት" አልኩ።

"ዋሽተኸኛል።"

"ስሚኝማ…"

"ምን ብዬሃለሁ? አንተ የማትሠራበት አልገባም አላልኩህም? አንተ ቤት ተቀምጠህ ግድግዳ እያየህ እኔ ሰሌዳ ላይ ዓይኔን ልተክል? አላደርገውም!" ድምፅዋ ተሰበረ። "ትምህርቱም ይቅር። ተወው።" ዞራ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው መሄድ ጀመረች።

ትምህርቱ ይቅር ስትል የማደርገው ጠፋኝ። እግሬ ራሱ ወደ አባ ዝምታ በር ወሰደኝ። "ነይ!" ብዬ ተጣራሁ። "በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ነይ!" በሞቴ ካልኳት አትጨክንም፤ ተመለሰች።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ ጨርቅ ለብሶ አቧራ ይዟል። ሃያ ምናምን ዓመት የራሴ ወንበር፣ የራሴ መስታወት፣ የራሴ ቁልፍ ነበረኝ። ሰው ቀጥሬ አውቃለሁ እንጂ ልቀጠር ደጅ ጠንቼ አላውቅም።

"አባባ" አልኩ። "ያ ወንበር ባዶ ነው። ሥራ ይሰጡኛል ወይ?"

ሽማግሌው መቀሱን አስቀመጡ። "ያን ቀን ስላጭህ እጄን እየያዝክ ስታርመኝ ነበር" አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"ልክ ነበርክ።" የገዛ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "ሥራው አለ። ሰዎቼ እጄን እየፈሩ፣ እኔን ለማስደሰት ብለው ነው የሚመጡት። ግን ያንተ አፍ አያርፍም ልጄ። እዚህ ሰው ያነባል። ወሬ የለም።"

ፕሮፌሰር ከኋላዬ "አባባ፣ እሱ ዝም ማለት አይችልም" አለች። "ይታመማል።"

የሚያነቡት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። "እችላለሁ" አልኩ።

"ለኔ ብለህ ነው" አለች፣ አሁን በዝግታ።

"ለማን ልበል ታዲያ?" አልኳት። "ስንት ዓመት ለፈለፍኩ፣ ጠገብኩ። አሁን ያንቺ ተራ ነው። እስከ መጨረሻው ተቀመጪ፣ ስሚ፣ ጠይቂ። እወድሻለሁ፣ ሰምተሻል? ቁጭ ብዬ ስትተዪው አላይም።"

ይህን ስል ጮክ ብዬ ኖሯል። ሽማግሌው "ጀመረ" አሉ።

ሚስቴ ጥጉ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። አንድ ተማሪ መጽሐፉን አጥፎ ቦታ ለቀቀላት። ከዚያ ሻርፗን አወረደች። "እሺ" አለች። "ግን ማታ ቤት ስትገባ ቀኑን ሙሉ ያፈንከውን ሁሉ ለኔ ታወራለህ። አምቀህ እንዳትሞትብኝ።"

ቤቱን ገዛን፣ ገባን። ማተሚያው ያጉረመርማል፣ ጎረቤታችን ያስላል፤ ሰው ሁሉ ይለምዳል። ሥራ ስጀምር የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደነበር አልነግራችሁም። ምላሴን እየነከስኩ ነው የዋልኩት። አንዱ ደንበኛ ስለ ውሃ መጥፋት አንድ ነገር ቢያነሳ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች! ሽማግሌው በመስታወቱ ዓይን ዓይኔን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝም አልኩ።

የዚያኑ ዕለት እሷም የአዲሱን ዓመት ትምህርት ጀምራለች። መብራቶቹ ሲበሩ ሱቁን ዘግተን ወጣን። ድሮ አውቶቡስ ለመያዝ የምትሮጥበት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። አልመጣችም። ከዚያም ቆይቶ አልመጣችም። እያወቅኩ እንኳ ልቤ አላረፈልኝም፤ በዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ገብቼ እየጠየቅኩ እስከ ክፍሏ ሄድኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። መምህሩ የመጨረሻውን መስመር ጽፎ ጠመኔውን አስቀመጠ። ተማሪው ሁሉ ደብተሩን ዘግቶ፣ ወንበር እየጎተተ ተነሳ። ፕሮፌሰር ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ እስክሪብቶ የለም፣ ሰሌዳውን ብቻ ታያለች። መምህሩ ሊያጠፋው ማጥፊያውን ሲያነሳ "ይቅርታ መምህር" ስትል ሰማኋት። "ትንሽ አይቆይም?" ማጥፊያውን አስቀምጦላት ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ማን መሆኔን አላወቀም።

ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። ቀኑን ሙሉ የታፈነ ወሬ አፌን ሞልቶታል፤ የሽማግሌው አስተያየት፣ የውሃው ነገር፣ ሁሉ። ልጀምር ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ልንገርህ?" አለች።

"ንገሪኝ።"

ነገረችኝ። አንድ ነገር አለ፣ ከሩቅ ይጀምራል፣ የለም ብለህ ታስባለህ፣ ከዚያ የለም ያልከው ራሱ መልሶ ይይዝሃል አለች። በእጇ አየር ላይ ትጽፋለች። ምንም አልገባኝም፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ። ዳቦ ቤቱን አለፍን፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን አለፍን፣ የተዘጉትን ፀጉር ቤቶች በሙሉ አለፍን። አንዴ ቆም ብላ "እየሰማኸኝ ነው?" አለችኝ። "ቀጥይ" አልኳት።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ገና አልጨረሰችም ነበር። ቁልፉን ከኪሴ አላወጣሁም። በሩን አልፌ መንገዴን ቀጠልኩ፣ እሷም እያወራች ከጎኔ መጣች።